«አጥንቱ አልተበላም» ከተባለ ኤምአርአዩ ለምን?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። እናቴ ስኳር አለባት። ሰሞኑን ስኳሯ በጣም ከፍ ብሎ ሆስፒታል ተኝታ እያለች የግራ ጉንጯ አበጠ፣ ደነዘዘም። ሲቲ ስካን ተነሣችና «አጥንቱ አልተበላም» አሉን። እፎይ ሳንል ደግሞ የሳይነስ ፈንገስ ሊሆን ይችላል፣ ኤምአርአይ ትነሣ፣ ናሙናም ይወሰድ ተባልን። ብር ለመሰብሰብ ነው ወይስ ምክንያት አለው?

መልስ፦ እህቴ፣ ወጪው እንደሚከብድ ይገባኛል፤ ግን እዚህ ላይ ሐኪሞቹን አትጠርጥሪያቸው።

ሙኮር የሚባለው የፈንገስ ወገን ስኳራቸው ከቁጥጥር የወጣ ሰዎችን ያጠቃል። በ2021 ሕንድ ውስጥ ኮቪድ፣ ስኳርና ስቴሮይድ የሚባለው መድኃኒት ሲገጣጠሙ «ጥቁር ፈንገስ» እየተባለ በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎችን የያዘው እሱ ነው። የደም ሥር ውስጥ ገብቶ ደሙን ያረጋዋል፣ ሥጋው ደም አጥቶ ይሞታል። በደም ሥር ስለሚጓዝም አጥንቱን ሳይበላ አልፎ ዓይን ድረስ ሊደርስ ይችላል። እና «አጥንቱ አልተበላም» ማለት «ፈንገስ የለም» ማለት አይደለም። እኔ ሲቲ ሳነብ ቶሎ የምፈልገው ከጉንጩ ሳይነስ (በጉንጭ አጥንት ውስጥ ያለው አየር የሚይዝ ክፍተት) ፊትና ኋላ ያለችውን ስብ ነው። ጤነኛ ስብ ጠቆር ብላ ነው የምትታየው፤ በአንድ ወገን ብቻ ደፍርሳ ካገኘኋት፣ አጥንቱ ድፍን ቢሆንም፣ ስልኬን አንሥቼ ለሐኪሙ እደውላለሁ።

በኤምአርአይ ጊዜ ክንድ ላይ የሚወጋው ኮንትራስት (ምስሉን የሚያጎላ መድኃኒት) በደም ተጉዞ ጤነኛውን የአፍንጫ ሥጋ ያበራዋል፣ ደም የማይደርሰው የሞተው ሥጋ ግን ጥቁር ሆኖ ይቀራል። (ኩላሊታቸው ደከም ያለ ከሆነ ከመወጋታቸው በፊት ተናገሩ።) ወደ ዓይን ወይም ወደ አንጎል ተሻግሮ እንደሆነም ከሲቲ በተሻለ ያሳያል። ቀዶ ሐኪሙ እስከ የት እንደሚጠርግ የሚያቅደው በዚህ ነው። ግን ኤምአርአይም ያታልላል፤ አንዳንዴ ፈንገሱ ራሱ ከመጥቆሩ የተነሣ አየር ይመስልና ሳይነሱ ባዶ ነው ተብሎ ይታለፋል። ከሲቲው ጋር ጎን ለጎን የምናየው ለዚህ ነው።

ናሙናውስ? ምስል ያስጠረጥራል እንጂ አይፈርድም፤ የሚፈርደው በማይክሮስኮፕ የታየው ሥጋ ነው። ስለዚህ የኤምአርአይ ወረፋ ከነገ ወዲያ ነው ካሏችሁ አትጠብቁ፣ ከአንገት በላይ ሐኪሙ ዛሬውኑ ናሙናውን ይውሰድ። ላንቃቸው ወይም አፍንጫቸው ውስጥ የጠቆረ ነገር ካያችሁ፣ ወይም አንዱን ነገር ሁለት አድርገው ማየት ከጀመሩ፣ ሌሊትም ቢሆን ተረኛውን ሐኪም ቀስቅሱት።