ቅጠሉ መቼ ይሸምጠጥ?

እህቴ፣ የጠየቅሽው «ናናና በሶብላ ቆርጬ ለማድረቅ ሳዘጋጅ ቅጠሉን እርጥብ እያለ ልሸምጥጠው ወይስ ከነእንጨቱ ይድረቅ? ያለፈው ጠቁሮብኛል፣ ሽታም የለው» ብለሽ ነው። እኔ በሁለቱም መንገድ ሞክሬ በሁለቱም አበላሽቻለሁ። ትንሽ ረዘም ብል አትቀየሚኝ።

ባጭሩ ከነእንጨቱ አድርቂው። ሽምጠጣው በኋላ ይደርሳል።

የእነዚህ ተክሎች መዓዛ ያለው ቅጠሉ ላይ በተበተኑ ጥቃቅን የዘይት ከረጢቶች ውስጥ ነው። እርጥቡን ቅጠል ጎተት ስታደርጊው ይፈነዳሉ። ያ እጅሽ ላይ የሚቀረው ደስ የሚል ሽታ ከዕቃሽ የጎደለ ነው። የተቀጠቀጠው ቦታ ደግሞ አየር ሲያገኘው ይጠቁራል። እኔ መጀመሪያ ጊዜ አንድ ሳፋ ሙሉ ናና እርጥቡን ሸምጥጬ ጨርቅ ላይ ደራርቤ አሰጣሁት። በማግስቱ የላዩ ጠውልጓል፣ የታችኛው ተጣብቆ ጥቁር ሆኗል። ገለበጥኩት፣ በታተንኩት፣ ምንም አልሆነም። ጣልኩት።

ስትቆርጪ ጠዋት ጤዛው ከደረቀ በኋላ፣ ፀሐይዋ ሳትበረታ ይሁን። አበባ ሊያወጣ ሲል ሽታው ይበረታል። አቧራ ካለው ከመቁረጥሽ በፊት ባለው ቀን ተክሉ ላይ እያለ ውሃ አርከፍክፊበት። እርጥብ እያለ የሚነሳው ቢጫው፣ ተባይ የበላው፣ ከዚያ ማሰሪያው ጋ ያለው የታችኛው ቅጠል ብቻ ነው።

አምስት ስድስት ዘንግ አንድ ላይ እሰሪ፣ ከዚያ አይብዛ። ማሰሪያው ላስቲክ ይሁን። እንጨቱ ሲደርቅ ስለሚቀጥን በገመድ ያሰርሽው ሾልኮ ወለል ላይ ታገኚዋለሽ። ላስቲክ ግን አብሮ ይሰበሰባል። ከዚያ ዘቅዝቀሽ ጥላና አየር ያለበት ቦታ ስቀዪው። ፀሐይ ላይ ቶሎ ይደርቅልሻል፣ ቀለሙንና ሽታውን ይዞት ይሄዳል እንጂ።

ሁለተኛው ጥፋቴ እዚህ ጋ ነው። ቅጠሉ ኮሽ ኮሽ ሲል «በቃ ደርቋል» ብዬ ከነእንጨቱ ብርጭቆ ዕቃ ውስጥ ከትቼ ከደንኩት። በአራተኛው ቀን ስከፍተው ሻግቷል። ለካ እንጨቱ ውስጡ እርጥብ ነበር፣ ውሃውን መልሶ ለቅጠሉ ሰጠው። ስለዚህ ቅጠሉን ሳይሆን እንጨቱን ጠይቂው። ስታጥፊው ከተለመጠ ገና ነው፤ ቀጭ ብሎ ከተሰበረ ደርሷል።

አሁን ሸምጥጪ። ከስር ሰፊ ወረቀት አንጥፊ። ናናውን ጫፉን ይዘሽ በሁለት ጣት ወደ ታች ሳብ ስታደርጊው ቅጠሉ ራሱ ይረግፋል። ጦስኝ ከሆነ በመዳፍሽ መሀል አሸት አሸት አድርገሽ በወንፊት ለይው፤ ብናኙ ስለሚያስነጥስ አፍንጫሽን ሸፍኚ። እኔ ሳልሸፍን ጀምሬ ግማሹን በማስነጠስ በትኜዋለሁ። ቅጠሉን አታድቅቂው፣ የሚደቀው ስትጠቀሚበት ነው።

ዕቃው ውስጥ ከከተትሽ በኋላ የመጀመሪያውን ሳምንት በየቀኑ እይው። ብርጭቆው ከውስጥ ካላበው ወዲያው አውጥተሽ እንደገና አስጪው። ካላላበው ከድነሽ ጨለማ ቦታ አስቀምጪ፣ አንድ ዓመት ያህል ሽታው አይከዳሽም።

በሶብላ ግን ግትር ነው። ቅጠሉ ውሃ ያዝላል፣ ስትነኪውም ይጠቁራል። ሁለት ሦስት ዘንግ ብቻ አድርገሽ እሰሪው። አየሩ እርጥበት ካለው ደግሞ ከሽምጠጣ ይልቅ ቅጠሉን ከነአንገቱ በመቀስ እየቆረጥሽ፣ ሳይደራረብ ወንፊት ላይ ዘርጊው። ማድረቂያ ማሽን ካለሽ ከ35 እስከ 40 ዲግሪ ይበቃዋል።

ያለፈው ጠቆረ ያልሽው ደግሞ፣ ጥቁረት ብቻ ከሆነ መልኩና ሽታው ነው የተጎዳው፣ ልትጠቀሚበት ትችያለሽ። ነጭ ነገር ካየሽበት ወይም ሻጋታ ሻጋታ ካለሽ ግን ሳትሳሺ ሙሉውን ድፊው።