የቼሪ አበባ ለማየት የትኛው ቅዳሜ ይሻላል?

«ፓርኩ ውስጥ ቼሪዎቹ ሲያብቡ ለማየት የትኛው ቅዳሜ ይሻለኛል? ግርግሩስ ያስቀምጣል ወይ?» ላልሽው፣ እኔ ተሸውጄ ነው የተማርኩት።

ቀኑን ከወር በፊት አትቁረጪ። አበባው ካሌንደር አያውቅም፣ ሙቀት ነው የሚያውቀው። ብርዱ ቶሎ ከለቀቀ ይቀድማል፣ ከከረመ ይዘገያል። መጀመሪያ የሄድኩ ጊዜ ቤተሰቡን ሁሉ አስከትዬ ስደርስ የተቀበለን ቅጠል ብቻ ነበር፤ አበባው መሬት ላይ ተረግጦ ቡናማ ሆኗል። እህቴ እስካሁን «ቅጠል ልታሳየን የወሰድከን ቀን» እያለች ትተርበኛለች።

ብዙ ቦታ የምታዪው ነጣ ያለ ሮዝ አበባ ያለው ዛፍ ዮሺኖ ይባላል። በ1912 እ.ኤ.አ. ከቶኪዮ ለዋሽንግተን በስጦታ ከተላኩት ዛፎች አብዛኞቹ ይሄው ዘር ናቸው። ከአንድ ዛፍ ቅርንጫፍ እየተቆረጠ ሌላ ግንድ ላይ እየተጣበቀ የተባዛ ስለሆነ፣ አንድ ቦታ ያሉት ባንዴ ይፈነዳሉ፣ ባንዴም ይረግፋሉ። ሙሉ በሙሉ ካበበ በኋላ ቢበዛ አንድ ሳምንት ገደማ ነው። ንፋስ ወይ ከባድ ዝናብ ከመጣ እሱም የለም።

ስለዚህ እንቡጡን ጠጋ ብለሽ እዪ። አረንጓዴ ከሆነ ገና ነው። ቀጫጭን ዘንጎቹ ተመዘው ወርደው፣ ጫፋቸው ላይ ያሉት እንቡጦች ነጣ ብለው ካበጡ ግን የቀረው ጥቂት ቀን ነው፣ ያኔ ቅዳሜን አትጠብቂ፣ ከሥራ አስፈቅደሽም ቢሆን ሂጂ።

ካመለጠሽ ደግሞ ካንዛን የሚባለውን ፈልጊ። ደማቅ ሮዝ ነው፣ አበባው ድርብርብ፣ ከዮሺኖ ሁለት ሳምንት ያህል ዘግይቶ ያብባል። ለእኔ ትንሽ የሠርግ ዲኮር ይመስለኛል፣ ልጆች ግን ይወዱታል።

ግርግሩን በተመለከተ፣ ቅዳሜ እኩለ ቀን ላይ የምታዪው የሰው ጀርባ ነው። በማለዳ ሂጂ። ካፊያ ካለም አትቅሪ፣ ሰው የለም፣ ግንዱ ርሶ ሲጠቁር አበባው ይበልጥ ይወጣል። ብቻ ለፎቶ ብለሽ ቅርንጫፍ እንዳትነቀንቂ፤ አንዱ ሲያደርገው አይቼ ተጣልቼ አውቃለሁ።

እኔ አሁን የምመርጠው መርገፍ የሚጀምርበትን ቀን ነው። ባለፈው ማታ ቤት ገብቼ ጃኬቴን ሳራግፍ ከኮፍያው ውስጥ አንድ እፍኝ አበባ ወጣ።

የእንቡጡን ፎቶ እዚህ ለጥፊው፣ ስንት ቀን እንደቀረው እንገምታለን።