«ሊኑስም እኮ ይሳደባል» ይለኛል አለቃዬ

ጥያቄ፦ ሰላም ነው? አንድ ሶፍትዌር ድርጅት ከገባሁ ገና 8 ወሬ ነው። ቲም ሊደራችን ጎበዝ ነው፣ ብዙ አስተምሮኛል፤ ግን አፉ ክፉ ነው። ባለፈው ሳምንት ኮዴን 14 ሰው ያለበት የቴሌግራም ግሩፕ ላይ ለጠፈና «ይሄን የጻፈው ሰው ትምህርት ቤት ገብቶ ያውቃል?» አለ። ስህተቱ የቱ ጋ እንደሆነ ግን አልነገረኝም። ቅር እንዳለኝ ስነግረው «ሊኑስ ቶርቫልድስም እንዲህ ነው፤ ሊኑክስ በመለማመጥ አልተሠራም» አለኝ። እውነት የሥራው ጠባይ ነው? ወይስ እኔ ሆደ ባሻ ሆኜ ነው?
ግራ የገባው፣ ከአዲስ አበባ

መልስ፦ ወንድሜ፣ ሆደ ባሻ አይደለህም። አለቃህ ታሪኩን ግማሽ ላይ አቁሞብሃል።

የሊኑክስ ኦፐሬቲንግ ሲስተም ፈጣሪ ሊኑስ ይሳደብ ነበር፣ አዎ። እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2012 ከርነሉ ላይ (የሊኑክስ እምብርት የሆነው ፕሮግራም) የገባ አንድ ለውጥ የተጠቃሚዎችን ፕሮግራሞች አበላሸ። ክፍሉን የሚመራው ነባር ባለሙያ ጥፋቱን ወደ ፕሮግራሞቹ ሲያላክክ ሊኑስ በትልልቅ ፊደል «አፍህን ዝጋ» ብሎ ጻፈለት፣ ያውም ከነስድቡ። ግን ያንኑ ደብዳቤ ልብ ብለህ ብታነበው፣ የትኛው የስህተት ኮድ ለምን እዚያ ቦታ መመለስ እንደሌለበት ተጽፏል፤ ከርነሉ ተቀይሮ የሰው ፕሮግራም ከተበላሸ ጥፋቱ የከርነሉ ነው የሚለው ሕግም አለ። ሊኑክስን ያቆመው ይሄ ሕግ ነው። አንተ ጋ የደረሰው ስድቡ ብቻ ነው።

ስድቡ ደግሞ ሰው አስከፍሏል። የዩኤስቢ 3.0 ድራይቨርን (ሊኑክስን ከዩኤስቢ ዕቃዎች ጋር የሚያገናኘውን ፕሮግራም) የጻፉት ባለሙያ እ.ኤ.አ. በ2013 ይሄ ነገር ይቁም ብለው በግልጽ ተሟገቱ። በ2015 ከርነሉን ትተው መውጣታቸውን አሳወቁ። እንዲህ ያለ ሰው በቀላሉ አይተካም።

ከዚያ ሴፕቴምበር 2018 ላይ ሊኑስ ራሱ ይቅርታ ጠየቀ። በኢሜይል ሰው ላይ መዝመቱ ሙያዊም ተገቢም እንዳልነበር ጻፈ፤ የሰውን ስሜት መረዳት እንዲችል እርዳታ እፈልጋለሁ ብሎ ለጊዜው ዞር አለ። ፕሮጀክቱም አዲስ የሥነ ምግባር ደንብ አወጣ። የከርነሉን ቨርዥን 4.19 በእሱ ቦታ ሌላው ነባር ባለሙያ ግሬግ ክሮህ-ሃርትማን ለቀቀው፣ ሊኑክስም አልፈረሰም። ሊኑስ መልአክ ሆኖ ተመለሰ አልልህም፤ በ2025 እንኳ ዘግይቶ የመጣ ኮድ «ቆሻሻ» ብሎ መልሷል። ግን ለምን እንደማይቀበለው አስረድቶ ነው።

እኔም ጀማሪ ሳለሁ እንደ አንተ ዓይነት አለቃ ነበረኝ። አንድ ምሽት የደንበኞች ዳታ ላይ ስህተት ሠራሁና ስድቡን ፈርቼ እስከ ማግስቱ ከሰዓት ዝም አልኩ። ወዲያው ብናገር 10 ደቂቃ የማይፈጅ ነገር ሦስት ቀን ፈጀብን። እዚያ ግሩፕ ላይ ያሉት ሌሎቹ ልጆችም ያን ቀን የተማሩት መደበቅን ነው፤ አለቃህ ይሄን ቢያውቅ እሱም ይደነግጣል ብዬ አስባለሁ።

ስለዚህ ለብቻው አግኘውና እንዲህ በለው፦ «ለኮዴ አትራራለት፤ ግን መስመሩንና ምክንያቱን ንገረኝ፣ ሰው ፊት ስለ እኔ አታውራ።» ግሩፑ ላይ ከደገመው «የትኛው መስመር ነው?» ብቻ ብለህ መልስ። ካሳየህ ቁጭ ብለህ አስተካክል። ስድቡ ከቀጠለ ግን ሲቪህን አዘጋጅ፤ በ8 ወር የተማርከው እንደሆነ የራስህ ነው፣ ይዘኸው ትሄዳለህ።