ጥር 23 እንጅባራ፦ ልጆች ይዞ ለሚሄድ ሰው

እህቴ፣ «ከባሕር ዳር ተነሥተን፣ ሁለት ልጆች ይዘን፣ ለአገው ፈረሰኞች በዓል እንጅባራ ደርሶ ለመመለስ አንድ ቀን ይበቃናል ወይ? የአራት ዓመቷ ልጄ ትፈራ ይሆን? ልጆቹስ ፈረስ ላይ መቀመጥ ይፈቀድላቸዋል?» ብለሽ ጠይቀሻል። እስካሁን የመለሱልሽ ሁሉ «በጣም ያምራል፣ እንዳያመልጣችሁ» ብለው አልፈዋል። ማማሩስ ያምራል። እኔ ግን ልጆች ይዤ ሦስት ጊዜ ሄጄ የመጀመሪያው በለቅሶ ነው ያለቀው፤ ስለዚህ ከዚያው ልጀምር።

ያን ጊዜ ሠርግ እንደተጠራ ሰው ተረጋግተን ወጣን። ቁርስ ተበላ፣ ልጆቹ ነጭ በነጭ ለበሱ፣ ፎቶ ተነሡ፤ ከቤት ስንወጣ 2 ሰዓት አልፏል። መንገዱ 120 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ በቶሎ የምንደርስ መስሎን ነበር። መራዊ ላይ ቆምን፣ ዳንግላ ላይ ሻይ ጠጣን። እንጅባራ ስንገባ መንገዱ ተዘግቶ መኪናችንን ከከተማው ዳር ትተን በእግር ሄድን። ሜዳው ስንደርስ ሕዝቡ እንደ አጥር ቆሟል። ልጄን ትከሻዬ ላይ ሰቀልኳት። ለእኔ የሚታየኝ የሰው ማጅራት ነው፤ ለእሷ ደግሞ አቧራ። ንግግር ተጀመረ፤ ንግግሩም ንግግር እየወለደ ፀሐዩ አናት ላይ ወጣ። በመጨረሻ ፈረሶቹ በሽምጥ ሲለቀቁ መሬቱ ተንቀጠቀጠ፣ ሕዝቡ ጮኸ፣ ልጄም አብራ ጮኸች፤ የእሷ ግን የደስታ አልነበረም። እስከ ዳንግላ ድረስ ስታለቅስ ተመለስን።

ይህን ለባለቤቴ አጎት ስነግራቸው ሳቁብኝ። እሳቸው የአገው ፈረሰኞች ማኅበር አባል ናቸው፤ ከልጅነታቸው ጀምረው ጋልበዋል። «ልጅ ይዘህ ሜዳው ላይ ምን ትፈልጋለህ? ጠዋት ስንገባ ናና ፈረሱን ቆሞ አሳያት» አሉኝ። ለአንቺም የምለው ይኸው ነው። ለልጅ የሚሆነው በዓል ከሜዳው ውጭ፣ ጠዋት፣ ፈረሰኞቹ ከየገጠሩ ከተማው ዳር ደርሰው ፈረሳቸውን ሲያስጌጡ ያለው ነው።

በሚቀጥለው ዓመት ከሌሊቱ 11 ሰዓት ላይ ተነሣን። ልጆቹን ከነብርድ ልብሳቸው መኪና ውስጥ አስተኛናቸው። ብርዱን አትናቂው፤ የባሕር ዳርን ልብስ ለብሶ እንጅባራ የጥር ጠዋት ላይ የወረደ ልጅ ከንፈሩ ይጠቁራል። አዲስ ቅዳም አካባቢ ሲነጋ ከመንገዱ ዳር የተደረደረውን የከሰል ማዳበሪያና ከሰሉ የሚከሰልበትን የዲከረንስ ዛፍ ያያሉ፤ ትልቁ ልጄ ማዳበሪያ ሲቆጥር እንቅልፉ ጠፋለት።

አጎታችን ከአንድ ግቢ አጥር ሥር ቆመው አገኘናቸው። ፈረሳቸው ዳማ ነው፤ ከአፍንጫው የሚወጣው ትንፋሽ በብርዱ እንደ ጢስ ይታያል። አንድ ወጣት የራሰ ገብስ በቁና ይዞለታል። መጀመሪያ ግላሱን አለበሱት፣ ከዚያ ኮርቻውን ጫኑ፣ መቀነቻውን ሲያጠብቁ ፈረሱ ሆዱን ነፋ። ሽማግሌው ዝም ብለው ጠበቁ፤ እስትንፋሱን ሲለቅ ሳብ አደረጉት። «ይህ ተንኮለኛ፣ በየዓመቱ ሊያታልለኝ ይሞክራል» አሉ። ልጄ ከእናቷ ቀሚስ ኋላ ወጥታ ሳቀች። ያን ጊዜ ነው ፍርሃቱ የለቀቃት። ከዚያ ጫማቸውን አወለቁና የእርካቡን ቀለበት በእግራቸው አውራ ጣት ብቻ ይዘው ወጡ። ልጆቹ ሁለቱም ጎንበስ ብለው ጣታቸውን ሲያዩ ነበር፤ ዛሬም ስለ በዓሉ ሲያወሩ ከሁሉ በፊት የሚያነሡት ያንን ጣት ነው።

እዚያ ቆማችሁ ልጆቹ መጠየቃቸው አይቀርም፤ ጥቂት ነገር ይዘሽ ሂጂ። ማኅበሩ «ሰባት ቤት አገው» የሚባለው በትውፊት አገዎች ከሰባት ወንድማማቾች ወረድን ስለሚሉ ነው። የተመሠረተው በ1932 ዓ.ም. ነው፤ ጣልያን ገና አገር ውስጥ እያለ ማለት ነው። የሚዘከረው ግን ከዚያም በፊት የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ዐድዋ ላይ የዋለው ፈረስና ፈረሰኛ ጭምር ነው። ወሩ ባይገጥም በዓሉም ዐድዋም በ23፣ በጊዮርጊስ ዕለት መሆናቸውን ለልጆቹ ስነግራቸው ትልቁ «ጊዮርጊስም እኮ ፈረሰኛ ነው» አለኝ። አላሰብኩትም ነበር። ደግሞ ማኅበሩ የአንድ ቀን ትርዒት ብቻ አይምሰልሽ፤ አባል ሲሞት ፈረሰኛው ለቅሶ ይወጣል፣ ሙሽራ ያጅባል፣ የተጣላ ያስታርቃል። አጎታችን ፈረሱን ከበዓሉ ይልቅ ለቀብር ብዙ ጊዜ እንደጫኑት ነው የሚናገሩት።

ሜዳው ላይ ጨርሶ አትሂዱ ማለቴ ግን አይደለም። ንግግሩን ዝለሉትና ወደ ጉግሱ ሰዓት ግቡ፤ ከፊት ለመሆን ሳይሆን ከፍ ካለ ቦታ ለማየት። አንዱ ጋሻ ይዞ ሲሸሽ ሌላው ዘንግ ይዞ ያሳድደዋል፤ ሲወረውርበት የሚሸሸው ዘወር ብሎ ይመክታል። ከሩቅ ሲታይ ጨዋታው ይገባል፤ ከቅርብ አቧራ ብቻ ነው። ለእኔ ከጉግሱም ከሽምጡም የሚበልጥብኝ ስግሪያው ነው፤ ፈረሱ እየተንሳፈፈ የሚሄድ፣ ጋላቢው ብርሌ ቢይዝ ጠጁ የማይፈስስ ይመስላል። ብዙ ሰው ግን ፍጥነት ይወዳል፤ ስግሪያው ሲመጣ ወሬ ይጀምራል።

አሁን የማልደብቅሽ ነገር። በሦስተኛው ዓመት ልጄ ከእጄ ጠፋ። ዘጠኝ ዓመቱ ነበር፤ አምባላይ (ነጭ) ፈረስ አየሁ ብሎ ተከትሎ ሄደ። ስልክ ልደውል ብል ከሕዝቡ ብዛት የተነሣ ኔትወርክ አልሠራም፤ ቢሠራስ ለማን እደውላለሁ? አርባ ደቂቃ ያህል ፈለግን። በመጨረሻ አንዲት ቆሎ የሚሸጡ እናት አጠገባቸው አስቀምጠው፣ ነጠላቸውን አልብሰው አገኘነው። «ይህ ልጅ ያባቱን ስም እንጂ ስልኩን አያውቅም» ብለው ተቆጡኝ፤ ልክ ናቸው። ስልክ ቁጥርሽን ወረቀት ላይ ጽፈሽ በየልጆቹ ኪስ ክተቺ፤ ከተጠፋፋችሁ የምትገናኙበትንም ቦታ ጠዋት በእግር ወስደሽ አሳያቸው። ፈረስም ከኋላው እንዳይቀርቡ፣ ከኋላ ድንገት እንዳይነኩት አስጠንቅቂያቸው፤ በሕዝብ መሀል የቆመ ፈረስ የዋህ ቢሆንም ይራገጣል።

ምግብ ቤቶቹ ምሳ ሰዓት ላይ ስለሚጨናነቁ ዳቦና ዳቦ ቆሎ ይዛችሁ ሂዱ። ዕለቱ ረቡዕ ወይም ዓርብ ከዋለ፣ ወይም ጾመ ነነዌ ከገባበት፣ ለትንሿ የሚሆነውን ከቤት ብትይዢ ይሻላል። ውሃም አብዝታችሁ ያዙ።

አንድ ቀን ይበቃል፤ ግን ከሜዳው 7 ሰዓት ላይ ለመውጣት ቁረጡ። ከዚያ ወደ ቲሊሊ በሚወስደው አስፋልት ጥቂት ብትነዱ ዘንገና ሐይቅን ታገኛላችሁ፤ ከመንገዱ ብዙም አይርቅም። ከጩኸቱ በኋላ ልጆች ጸጥታውን ይወዱታል። ክብ ነው፣ ዙሪያው ደን፣ ዳርቻው ግን ድንገት የሚጠልቅ ስለሆነ የትንሿን እጅ እንዳትለቂ። ከ9 ሰዓት በኋላ እዚያ አትቆዩ፤ ማታ መንገድ ላይ ከመሆን ቀን ቤት መግባት ይሻላል። ከመነሣታችሁ በፊትም የመንገዱን ሁኔታ እዚያው ላለ ሰው ደውላችሁ ጠይቁ።

ፈረስ ላይ ስለመቀመጥ፦ ባለቤቱን ጠይቁ፣ ጠዋት ጠይቁ። ከጉግስ የተመለሰ ፈረስ ላብ በላብ ሆኖ፣ ደሙ ፈልቶ ስለሚሆን ማንም ጥሩ ፈረሰኛ ልጅ አያስቀምጥበትም፤ እሺ የሚላችሁ ካለም አትቀበሉት። ጠዋት ግን ልጓሙን ራሳቸው ይዘው ያስቀምጡላችኋል። ገንዘብ ለመስጠት አትቸኩሉ፣ አንዳንዱ ይቀየማል፤ ለፈረሱ ገብስ ብላችሁ ብትሰጡ ግን ደስ ብሎት ይቀበላል።