አጭር ጠመንጃና ግሪን ካርድ

ጥያቄ፦ የተከበሩ የአምዱ አዘጋጅ፣ ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው በሜሪላንድ ግዛት ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ግሪን ካርድ ካገኘሁ አራት ዓመቴ ሲሆን እስከ እኩለ ሌሊት የምትሠራ ትንሽ ሱቅ አለችኝ። ሱቄ በአንድ ዓመት ውስጥ ሁለት ጊዜ ስለተሰበረ መሣሪያ ለመያዝ አስቤአለሁ። የጎጃም ልጅ ነኝ፤ አባቴ ምንሽራቸውን ከራስጌያቸው ሰቅለው ነው ያሳደጉኝና ጠመንጃ እንግዳ ነገር አይሆንብኝም። ቨርጂኒያ የሚኖር ጓደኛዬ ከባንኮኒ ሥር የሚገባ፣ እንደኛው ታጣፊ ክላሽ ያለ አጭር መሣሪያ አሳይቶኝ፣ «ይህ በሕግ ሽጉጥ እንጂ ጠመንጃ አይባልም፤ ሰደፍ ብትገጥምለትም ከጥር 2026 ወዲህ ቀረጡ ዜሮ ስለሆነ ምንም አትባልም» አለኝ። እውነቱን ነው? እሱ ገዝቶ ቢሰጠኝስ?
ባለ ሱቁ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ

መልስ፦ ወንድማችን፣ ጓደኛዎ የነገሩዎት ግማሹ እውነት ነው፤ ችግሩም እዚያ ላይ ነው፤ ምክንያቱም ሰውን ፍርድ ቤት የሚያቆመው ብዙ ጊዜ የቀረው ግማሽ ነው። (ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የአሜሪካ ፌዴራል ሕግ ትከሻ ላይ ተደግፎ እንዲተኮስ የተሠራን ጠመንጃ የሚለየው በኢንች ነው። የአፈሙዙ ቱቦ ከ16 ኢንች፣ ማለትም ከ40 ሳንቲ ሜትር ከግማሽ በላይ ከሆነ ቁመት፣ ካነሰ ወይም ጠቅላላ ርዝመቱ ከ26 ኢንች ካነሰ «አጭር አፈሙዝ ያለው ጠመንጃ» ተብሎ ከመትረየስና ከድምፅ ማፈኛ ጋር በአንድ መዝገብ ይገባል። ልኬቱ በግምት የሚወሰድ አይደለም፤ መሣሪያው ባዶ መሆኑ ከተረጋገጠና መቀርቀሪያው ከተዘጋ በኋላ ቀጭን ዘንግ በአፈሙዙ በኩል እስኪቆም ድረስ ይገባል፣ ጫፉ ላይ ምልክት ይደረጋል፣ ከዚያም ዘንጉ ወጥቶ ይለካል። አሥራ አምስት ኢንች ተኩል ከሆነ ባለቤቱ ወይ ተመዝግቦ መገኘት አለበት፤ አለዚያ እስከ 10 ዓመት እስራት የሚያስቀጣ የፌዴራል ወንጀል ፈጽሟል።

ለመሆኑ ሽጉጥ ከዚህ ሁሉ አጥሮ ሳለ ያለዚህ ምዝገባ እየተሸጠ ጠመንጃ ማሳጠር ለምን ወንጀል ሆነ? ነገሩ የ1934 ዓ.ም. ታሪክ ነው። የመጠጥ ክልከላ ዘመን ወንበዴዎች ባለ ቶምሰን መትረየሶች ሆነው ከተማ ሲያሸብሩ የቆዩበት ጊዜ ነበርና፣ የመጀመሪያው ረቂቅ ሽጉጥንም ጭምር ያስመዘግብ ነበር። ሽጉጥ ከተከለከለ ሰው ጠመንጃውን በመጋዝ ቆርጦ ካፖርት ሥር ይደብቀዋል በሚል ስጋት የአጭር ጠመንጃ አንቀጽ ተጨመረ። በኋላ ተቃውሞ ሲበረታ ሽጉጥ ከረቂቁ ወጣ፤ የአጭር ጠመንጃው አንቀጽ ግን ቀረ። በእኔ አስተያየት በሩ ከተነሣ በኋላ ዘበኛው ብቻውን ቆሞ የቀረበት ሕግ ነው። ይሁንና ዘበኛው ዛሬም ያስራል።

የጓደኛዎ «ሽጉጥ ነው» ክርክር የሚበቅለው ከዚሁ ክፍተት ነው። ሰደፍ የሌለው፣ ገና ከፋብሪካ ሲወጣ በእጅ እንዲተኮስ ሆኖ የተሠራ አጭር መሣሪያ በፌዴራል ሕግ ሽጉጥ መሆኑ እርግጥ ነው። ከ2012 ጀምሮ ደግሞ ከኋላው የሚገጠም፣ በማሰሪያ ክንድ ላይ የሚጠመጠም የፕላስቲክ መደገፊያ ገበያ ላይ ዋለ፤ የተፈለሰፈው አካል ጉዳተኛ በአንድ እጁ መተኮስ እንዲችል ተብሎ ነበር፤ ብዙው ገዢ ግን ማሰሪያውን ትቶ ትከሻው ላይ ደገፈው። የጦር መሣሪያ ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት (ኤቲኤፍ) በጥር 2023 እንዲህ ያሉትን አብዛኞቹን እንደ አጭር ጠመንጃ የሚቆጥር ደንብ አወጣ፤ በሰኔ 2024 ግን በቴክሳስ የሚገኝ የፌዴራል ፍርድ ቤት ደንቡን ሻረው። ደንቡ ይሻር እንጂ የ1934ቱ ሕግ ራሱ አልተነካም። ጓደኛዎ መደገፊያውን አውጥተው እውነተኛ ሰደፍ በገጠሙበት ደቂቃ መሣሪያው ሽጉጥነቱን ያጣል።

ቀረጡንም በተመለከተ፦ በ1934 የተወሰነው 200 ዶላር በዚያን ጊዜ የቶምሰን ጠመንጃ ራሱ የሚሸጥበትን ዋጋ ያህል ነበር፤ ዘጠና ዓመት ሙሉ ግን ሳይጨመርበት ኖሮ በመጨረሻ ሐምሌ 4 ቀን 2025 በተፈረመው ሕግ ለአጭር ጠመንጃና ለድምፅ ማፈኛ ከጥር 1 ቀን 2026 ጀምሮ ዜሮ ሆነ። ለመትረየስ አሁንም 200 ዶላር ነው፤ ከግንቦት 19 ቀን 1986 በኋላ የተመዘገበ መትረየስማ ለግለሰብ ጨርሶ አይፈቀድም። ዜሮ የሆነው ገንዘቡ ብቻ ነው። ሰደፉ ከመገጠሙ በፊት ማመልከቻ ይሞላል፣ የጣት አሻራና ፎቶግራፍ ይቀርባል፣ ለአካባቢው የፖሊስ ኃላፊ ግልባጭ ይላካል፣ የጽሑፍ ፈቃድ ይጠበቃል። ቅደም ተከተሉ ከተገለበጠ፣ ማለትም መጀመሪያ ሰደፉ ተገጥሞ ማመልከቻው በኋላ ከተላከ፣ ማመልከቻው የወንጀሉ ማስረጃ ከመሆን አይዘልም።

እስካሁን ያልኩት የፌዴራሉን ነው። እርስዎ ግን የሜሪላንድ ነዋሪ ነዎት። ግዛቱ ከጥቅምት 2013 ጀምሮ ብዙ የጦር ሜዳ ዓይነት ጠመንጃዎችን በስም ዘርዝሮ ከልክሏል፤ ከዚህም በተጨማሪ ጠቅላላ ርዝመቱ ከ29 ኢንች ያነሰ ከፊል አውቶማቲክ ጠመንጃ፣ ማቀጣጠያው በቀለሃው ግርጌ መሃል ላይ ያለ (ሴንተርፋየር የሚባለውን) ጥይት የሚተኩስ ከሆነ፣ የተከለከለ ነው። በፌዴራል መዝገብ ቢሰፍር እንኳ ከባንኮኒ ሥር የሚገባ መሣሪያ ይህን ቁመት ይደርሳል ብዬ አልገምትም። ሽጉጥ ነው ቢባልም ኡዚን፣ ማክ አሥርንና መሰሎቻቸውን ግዛቱ «የጥቃት ሽጉጥ» ብሎ በስም አግዷል፤ የቀሩትም በግዛቱ የተፈቀዱ ሽጉጦች ዝርዝር ውስጥ መገኘት አለባቸው። የተከለከለውን መያዝ ብቻ ሳይሆን ወደ ግዛቱ ማስገባትም ወንጀል ነው። የፌዴራል ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ክልከላውን በነሐሴ 2024 አጽንቶታል፤ የጠቅላይ ፍርድ ቤቱም በሰኔ 2025 ጉዳዩን አላይም ብሏል።

አሁን ወደ ግሪን ካርድዎ ልምጣ፤ ደብዳቤዎን ሳነብ ያሳሰበኝ እሱ ነውና። ቋሚ ነዋሪ እንደመሆንዎ መሣሪያ የመግዛት መብት አለዎት፤ ይህን ማንም አይነሳዎትም። ነገር ግን የኢሚግሬሽን ሕጉ የውጭ ዜጋ ወደ አገሪቱ ከገባ በኋላ መሣሪያ በሕገ ወጥ መንገድ በመግዛት፣ በመሸጥ ወይም በመያዝ ጥፋተኛ ከተባለ ከአገር ሊባረር እንደሚችል በግልጽ ይደነግጋል። ያልተመዘገበ አጭር ጠመንጃ መያዝ ደግሞ በዚያው ሕግ «ከባድ ወንጀል» ተብለው ከተዘረዘሩት አንዱ ነው፤ እንዲህ ያለ ፍርድ ያለበት ቋሚ ነዋሪ ሌላው ሰው በዳኛ ፊት የሚጠይቀውን የመባረር ምሕረት መጠየቅ አይችልም። አሜሪካዊ ጎረቤትዎ በአመክሮ ተለቅቆ ቤቱ የሚገባበት ጥፋት እርስዎን ቦሌ ሊያደርስዎት ይችላል። አንድ ደንበኛዬ በኢንተርኔት ያዘዘውን ሰደፍ ወጥ ቤት ጠረጴዛው ላይ በአንዲት መፍቻ ገጥሞ ነበር፤ ሥራው የቡና ስኒ እስኪቀዘቅዝ ያህል እንኳ አልፈጀበትም። ክሱን ለመቀነስ የተደረገው ድርድር አሥራ አራት ወር ወሰደ፤ የተደራደርነውም ስለ እስር ቀናት ሳይሆን የትኛው አንቀጽ ግሪን ካርዱን አይነካም በሚለው ላይ ነበር።

ጓደኛዎ ገዝተው ቢሰጡዎት ለሚለው መልሴ አጭር ነው፦ አይሆንም። ፈቃድ የሌለው ሰው ለሌላ ግዛት ነዋሪ መሣሪያ አሳልፎ መስጠት አይችልም። በመደብሩ ቅጽ ላይ «እውነተኛው ገዢ እኔ ነኝ» ብለው ለእርስዎ ከገዙ ደግሞ ይህ የሐሰት ቃል በፌዴራል ሕግ እስከ 10 ዓመት ያስቀጣቸዋል።

ሱቅዎን ለመጠበቅ ከፈለጉ ሕጋዊው መንገድ ይኸው ነው። ዕድሜዎ 21 ከሞላ የሜሪላንድን የሽጉጥ ብቃት ፈቃድ ያውጡ፤ የአራት ሰዓት ሥልጠናና የጣት አሻራ ይጠይቃል። ከዚያም ፈቃድ ካለው ነጋዴ ዝርዝሩ ውስጥ ያለ ተራ ሽጉጥ ይግዙ፤ ሰባት ቀን ይጠብቃሉ። በስምዎ በያዙት ወይም በተከራዩት ሱቅ ውስጥ መያዝ የተለየ የመሸከሚያ ፈቃድ አይጠይቅም፤ ከደጃፉ ውጭ ግን ይጠይቃል። ሥልጠናውን ከመመዝገብዎ በፊት የኢሚግሬሽን ጠበቃዎን ማማከር አይርሱ፤ በተለይ የዜግነት ማመልከቻ ካስገቡ።

ጥያቄ፦ የባለቤቴ ወንድም የጉብኝት ቪዛው ካለፈ ሁለት ዓመት ሆኖታል። ቅዳሜ ቅዳሜ ወደ ተኩስ መለማመጃ ይዤው ብሄድና የእኔን መሣሪያ ቢሞክር ጥፋት አለው?
ከአሌክሳንድሪያ

መልስ፦ አለው፤ ለእሱም ለእርስዎም። በሕገ ወጥ መንገድ አገር ውስጥ ያለ ሰው መሣሪያ ለጥቂት ደቂቃ በኪራይም ቢሆን መያዝ አይፈቀድለትም፤ ሁኔታውን እያወቀ የሚሰጠውም ይጠየቃል። በተማሪ ቪዛ ከተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች የመጣ ረሃይፍ የተባለ ወጣት ፍሎሪዳ ውስጥ ከትምህርቱ ከተሰናበተ በኋላ የተከሰሰው መለማመጃ ሄዶ በመተኮሱ ነው። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2019 ለረሃይፍ የፈረደለት ድርጊቱ ተፈቅዶ ሳይሆን፣ ዓቃቤ ሕግ ተከሳሹ ያለ ሕጋዊ ፈቃድ መቆየቱን ያውቅ እንደነበር ማስረዳት ነበረበት በሚል ነው። የባለቤትዎ ወንድም ግን ቪዛው ማለፉን ያውቃል፤ እርስዎም ይኸው ጽፈውልኛል።