ዓሣ፣ ስንዴና ወተት የማይስማማቸው በአንድ ቤት (መልስ)

እህቴ፣ ለወንዱ ልጅሽ ዓሣ፣ ለሴቷ ግሉተን (በስንዴና በገብስ ውስጥ ያለ ፕሮቲን) እንደማይስማማቸው፣ የባለቤትሽን ሆድ ደግሞ ወተት እንደሚነፋው ጽፈሽ «ባሕር ዳር ተቀምጬ ምን ላብስል?» ብለሻል።

ከሁሉ በፊት የምትፈሪው የዓሣውን ይሁን። ወተት ሆዱን የሚነፋው ሰው ይቸገራል፤ የዓሣ አለርጂ ግን ትንፋሽ ሊያሳጣ ይችላል። በጣና ዳር ምግብ ቤቶች ድንቹ የሚጠበሰው ቆሮሶ የሚባለው ዓሣ በተጠበሰበት ዘይት ሊሆን ስለሚችል ሳትጠይቂ አታዝዢለት። አንዳንዱን ልጅ የመጥበሻው እንፋሎት ብቻ ይቀሰቅስበታል። «የጾም ነው» መባሉም ለባለቤትሽ እንጂ ለልጁ ዋስትና አይሆንም፤ በጾም ዓሣ የሚያቀርቡ ብዙ ናቸውና።

ጤፍ ግሉተን የለውም፤ ለሴቷ ልጅሽ ትልቅ በረከት ነው! የገበያ እንጀራ ግን ገብስ ወይም ስንዴ ሊቀላቀልበት ይችላል፤ ወፍጮውም ቀድሞ ስንዴ ፈጭቶ ከሆነ ዱቄቱ ይነካካል። ስለዚህ ወፍጮ ቤቱን አስጠርገሽ አስፈጪ፣ እርሾውንም ለብቻ ያዢ።

ወጡን ለሁሉም አንድ አድርጊው፤ ምስር በዘይት ይበቃል። ልጅ ከማዕድ ሲነጠል ያዝናል።

የልጁ ከንፈር ካበጠ ወይም ትንፋሹ ከከበደ በቤት መድኃኒት ጊዜ አታጥፊ። ወዲያውኑ ወደ ፈለገ ሕይወት ወይም ወደ ጥበበ ግዮን ሆስፒታል ውሰጂው፤ የአድሬናሊን መርፌ በቶሎ ማግኘት አለበት።