ጸሎቴ «ለምን?» ከሚለው ቃል አላልፍ አለ

ይድረስ ለምክር አምድ አዘጋጅ፤

ጤና ይስጥልኝ። የቤቴን ነገር ለሰው የማውጣት ልማድ አልነበረኝም፤ አሁን ግን ትዕግሥቴ አልቋል። ባለቤቴ ባለፈው ጥር በድንገት ዐረፈ። እትዬ የምላቸው ታላቅ እኅቱ ከለቅሶው ወዲህ የቤቴን ቁልፍ ይዘው እንዳሻቸው ይገባሉ፣ ይወጣሉ። ፍትሐቱንም አርባውንም ያዘዙት እርሳቸው ናቸው፤ እኔ በገዛ ቤቴ እንግዳ ሆንሁ።

ይህስ ባልከፋኝ ነበር። እርሱ ከመሞቱ ከአንድ ዓመት በፊት የጡት ካንሰር ተገኝቶብኝ ቀዶ ሕክምና ተደርጎልኝ፣ ኬሞውንም ጨርሼ ነበር። እትዬ ግን በእንግዳ ፊት «በእምነቷ ብትጸና ኖሮ ይህ ሁሉ ባልመጣ» ይላሉ። በቀብሩ ዕለት «እግዚአብሔር፣ ምን አደረግሁህ?» ብዬ መጮኼንም እንደ ክህደት ቆጥረውብኛል። ቅዳሜ ቅዳሜ በቢጫ ጀሪካን ጠበል አስይዘው ይመጣሉ። ጠበል ከልጅነቴ ጀምሮ ስጠመቀው፣ ስጠጣው ያደግሁ ነኝና ጠልቼው አይደለም፤ የእርሳቸው አሰጣጥ ግን ጥፋተኛን እንደ መቅጣት ነው። በዐቢይ ጾም ወተት መጠጣቴን ለጎረቤት አወሩ። የባለቤቴን ልብስ ሳያማክሩኝ ለነዳያን ሰጡ፤ ጋቢው የተረፈው ትራሴ ሥር ስለነበረ ነው። ለአምስት ዓመት በየቀኑ እንድውጠው የታዘዘልኝን ታሞክሲፈንም ከፋሲካ ወዲህ ትቼዋለሁ፤ እስካሁን የተለወጠ ነገር የለም። እትዬ ደግሞ ሰሞኑን እኔው ቤት ሊያድሩ አስበዋል።

እኚህን ሴት በምን አኳኋን ከቤቴ ላርቃቸው? እግረ መንገዴንም ማንንም ያልጠየቅሁትን ልጠይቅዎ፤ ማታ ዳዊቴን ስገልጥ «ለምን?» ከማለት በቀር ቃል አይወጣኝም፤ ቅዳሴ ቆሜም ልቤ ደረቅ ነው። በሩን የዘጋሁት እኔ ነኝ ወይስ እግዚአብሔር?

ግራ የገባኝ፣ ከአዲስ አበባ

መልስ

እኅቴ፣ ስለ እትዬ ብዙ ጽፈውልኛል፤ ስለ መድኃኒቱ ግን አንድ ዐረፍተ ነገር ብቻ። እኔ የምጀምረው ከእርሱ ነው።

እትዬ መድኃኒቱን ተይው እንዳሉዎ በደብዳቤዎ ውስጥ አላነበብሁም። በሌላው ሁሉ የሚሟገቷቸው ሴት በዚህ ብቻ ታዘዝኋቸው ቢሉኝም አላምንም። እንደሚመስለኝ መድኃኒቱን ያስተወዎት ሐዘኑ ነው፤ ባለቤትዎ የሌሉበትን ዘመን ለመኖር ስላልፈለጉ ዕድሜ የሚጨምርልዎትን ኪኒን ገፉት። እንዲህ ከሆነ ይህንኑ ሳይሸፋፍኑ ለሐኪምዎም ለንስሐ አባትዎም ይንገሩ፤ የመኖር ፍላጎት ማጣት ኀዘንተኛን የሚያጋጥም ነገር ነው፣ ተደብቆ ሲቆይ ግን አደገኛ ነው። የተለወጠ ነገር አለመኖሩም አያታልልዎ። ታሞክሲፈን ኤስትሮጅን የተባለው ሆርሞን የተረፉ የካንሰር ሴሎችን እንዳያሳድግ የሚከላከል እንጂ ሕመም የሚያስታግስ አይደለምና፣ መቋረጡ በሰውነት ሳይታወቅ ካንሰሩ የመመለሱ ዕድል ይጨምራል። ሰውነትን እያጋለ አስመርሮዎት ከሆነም ሐኪም መላ አያጣለትም። በዚህ ሳምንት ይሂዱ።

በእምነት ስም መተዉንም ቤተ ክርስቲያን አትቀበለውም። እንጦጦ ማርያም ይጠመቁ የነበሩ የኤችአይቪ ሕሙማን መድኃኒታቸውን ሲያቋርጡ፣ የያኔው ፓትርያርክ ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ በ1999 ዓ.ም. ጠበሉም መድኃኒቱም የእግዚአብሔር ስጦታ መሆኑንና አንዱ ሌላውን እንደማይከለክል በአደባባይ ተናግረዋል። ስለዚህ ሐኪምዎ ቀጥዪ ካሉዎ በኋላ፣ ኪኒኑን እትዬ ባመጡት ጠበል፣ እርሳቸው እያዩ ይዋጡት። የመጽሐፈ ሲራክንም 38ኛ ምዕራፍ ያንብቡ፤ ሐኪምን አክብር፣ የፈጠረው እግዚአብሔር ነው ብሎ ይጀምርና፣ እዚያው ዝቅ ብሎ ለሞተ ሰው አልቅስ ይላል፣ ወዲያውም ሐዘን ሞትን እንደሚያመጣ ያስጠነቅቃል። ለእርስዎ የተጻፈ ነው ብል አላጋነንሁም።

አሁን ወደ በሩ ልምጣ። አልዓዛር ከተቀበረ በአራተኛው ቀን ማርታ ጌታን ፊት ለፊት፣ አንተ በዚህ ብትኖር ወንድሜ ባልሞተ ነበር አለችው፤ እርሱም አልገሠጻትም፤ ይልቁንም አለቀሰ፣ ወደ መቃብሩም ሄደ። በእኛ ዳዊት 87ኛው መዝሙር በጩኸት ተጀምሮ፣ አንድም ማጽናኛ ሳይሰጥ በመከራ ያልቃል፤ አባቶቻችን ግን እንዲህ ያለ ጸሎት አይጸለይም ብለው አላወጡትም፣ ዳዊት የሚደግም ሁሉ ዛሬም ይደግመዋል። ኢዮብ የተወለደበትን ቀን ረገመ፤ በመጽሐፉ ፍጻሜ የእግዚአብሔር ቁጣ የነደደው ግን የታመመውን ሰው በደለኛ ባደረጉት ወዳጆቹ ላይ ነው። በእንግዳ ፊት ስለ እምነትዎ የሚፈርዱት እትዬ ይህን ቢያነቡት ደስ ይለኛል። የመቃብር ላይ ጩኸትዎም ሆነ የማታው «ለምን?» ጸሎት ነው፤ እግዚአብሔርን የተወ ሰው በየምሽቱ ዳዊት ገልጦ አይወቅሰውም።

የልብ ድርቀቱን በተመለከተ፣ ከበሽተኛ የማይጠበቅ ሸክም ተሸክመዋል። ሐዋርያው ያዕቆብ የታመመ ሰው የቤተ ክርስቲያንን ሽማግሌዎች ይጥራ፣ እነርሱም ዘይት ቀብተው ይጸልዩለት ብሏል፤ ምስጢረ ቀንዲል የሚፈጸመውም በዚሁ ቃል ነው። የእርስዎ ድርሻ መጥራት ነውና ንስሐ አባትዎን ይጥሩና ቀንዲል እንዲደረግልዎ ይለምኑ። ቅዳሴም ላይ ቃል ሲያጡ ዝም ብለው ይቁሙ፤ ስለ ድውያን በሚጸለየው ጸሎት ውስጥ እርስዎም አሉበት። ስለ ወተቱ ንስሐ አባትዎን ያማክሩ እንጂ ጎረቤት አይጠይቁ፤ የታመመ ሰው ከጾም ሕግ እንደሚፈታ ካህን ሁሉ ያውቀዋል።

እትዬም ወንድማቸውን ቀብረዋል፤ ያን ሁሉ ማዘዝ የሚያበዙት እርሳቸውም ሐዘናቸውን የሚያደርጉበት ስላጡ ሳይሆን አይቀርም፤ ስለዚህ ፈጽመው አያርቋቸው። ሆኖም ልብሱን ሳያማክሩ መስጠታቸው በደል ነው። ንስሐ አባትዎ ባሉበት ያስቀምጧቸውና ሕመምዎን የኃጢአት ቅጣት ነው ብለው ዳግመኛ እንዳይናገሩ፣ ከዕቃውም ያለ ፈቃድዎ አንድ ነገር እንዳያነሡ ቁርጡን ይንገሯቸው። እምቢ ካሉ ቁልፉን ይቀበሏቸው።